«ዶክተሬ» እያልሁ ያሳደግኋት ልጅ እንቅልፍ አጣች

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ፦

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። እንጀራ ጋግሬ ለሱቅና ለሆቴል እያስረከብሁ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ። ትልቋ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ተፈጥሮ ሳይንስ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ነው የምትወጣው። ካርዷ ላይ አማካይዋ 96 ነው። ገና አራት ዓመት ሳይሞላት ነው «ዶክተሬ» ማለት የጀመርሁ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ነው የሚላት። ሥራም ታግዘኛለች፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ ምጣድ ላይ ትቀመጣለች።

ዘንድሮ ግን ልጄ ልጄ አልመስል አለችኝ። ተኝታም አትተኛም። ከጓደኞቿ ጋር ማጥናት ትታለች። «ማስታወሻዬን ሰጥቼ ቦታዬን ልቀማ?» ትለኛለች። ጥቁር አንበሳ ሜዲስን ካልገባሁ ዩኒቨርሲቲ የሚባል አልረግጥም ብላለች። ይህን ያመጣው የጎረቤታችን ልጅ ነገር ይመስለኛል። እሱም የክፍሉ አንደኛ ነበር፤ ፊዚክስማ ሰፈሩን ሁሉ ነው ያስጠና። አምና ከ600 287 አመጣ። ሪሚዲያል፣ የማካካሻ ትምህርቱ፣ ደርሶት ነበር፤ አፍሮ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ ከቤት አይወጣም።

አሁን እቁብ ወጥቶልኛል፤ 80 ሺህ ብር። አንዱ ቲቶር ቅጠሪላት ይላል። አሜሪካ ያለው አጎቷ «ማትሪኩን ትተወው፣ ወደዚህ ታመልክት» ይላል። 60 ሺህ ብር ከሰጠሽኝ ስኮላርሺፕ አወጣላታለሁ የሚል ሰውም አለ። እናቴ ደግሞ ለታቦት ስጪው ትላለች። ምን ላድርግበት? ደግሞስ «ሐሳብሽን ቀነስ አድርጊ» ብላት ሞራሏን እሰብር ይሆን?

እናት፣ ከማራኪ»

እኅቴ፣ የጠየቁኝ ስለ 80 ሺህ ብሩ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ደብተሩ ነው። ልጅዎ ማስታወሻዋን ከጓደኞቿ መሸሸግ መጀመሯ። ከሱ ልነሣ፤ ወደ ብሩ እመጣለሁ።

ማትሪክን ሁላችንም እንደ ሩጫ ነው የምናየው። አንዱ ከቀደመ ሌላው ይቀራል ብለን። ልጅዎም እንዲያ ነው የገባት። ማለፊያው ግን ሩጫ አይደለም፤ የተሰመረ መስመር ነው። ስድስት ትምህርት፣ እያንዳንዱ ከመቶ፣ ድምሩ 600። ግማሹን፣ 300ን፣ የረገጠ ሁሉ ያልፋል። እዚያ ላይ የተቆጠረ ወንበር የለም። የክፍሏ ልጆች ሁሉ 300 ቢያመጡ ሁሉም ያልፋሉ። ማንም ባያመጣ ማንም አያልፍም፤ አንድም ልጅ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ሆነው በየዓመቱ ሲነገር ሰምተዋል። ጓደኛዋ ፊዚክስ ስለገባት ከልጅዎ ላይ ግማሽ ነጥብ አይቀነስም።

ሽሚያው ያለው ከመስመሩ ወዲያ ነው። ሜዲስን የተቆጠረ ወንበር አለው። ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው። እዚያ ግን የምትሻማው አጠገቧ ከተቀመጠችው ልጅ ጋር አይደለም። ከጅማ፣ ከሐዋሳ፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ ልጅ ጋር ነው። ጓደኛዋን ማስታወሻ ብትነፍጋት ከዚያ ሁሉ ሰው አንዷን ነው ያስቀረች። እሱም ከቀረች። በምትኩ የምታጣው ያልገባትን የምትጠይቀው ሰው ነው።

ሃያ ሦስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ለጓደኛው ሲያስረዳ የከረመ ልጅ ፈተና ላይ ሲደናገር ያየሁት ጥቂት ነው። ብቻውን ሲሸመድድ የከረመው ነው ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣበት ዓይኑ የሚፈጥ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ገንዘብ አያስወጣም። ቅዳሜና እሑድ ቤትዎን ለሦስት አራት ልጆች ክፍት ያድርጉ። ድግስ አያስፈልግም። ቆሎና ውኃ ይበቃቸዋል።

ፍርሃቷ ግን እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ይህን ይመኑላት። ፈተናው በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ኩረጃውና የፈተና ስርቆቱ ሲበዛ ልጆቹን በአውቶቡስ ጭኖ ግቢ ማስገባት ነበር የተገኘው መላ። የዚያን ዓመት ከ896 ሺህ በላይ ልጆች ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። ከመቶ ሦስት። በ2015ም ያው ከመቶ ሦስት። በ2016 ከመቶ አምስት ሆነ። አምና፣ በ2017፣ ከ585 ሺህ በላይ ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ ከመቶ ስምንት። እየተሻለ ነው። ግን ሁልጊዜ አንደኛ ስትባል የኖረች ልጅ ይህን ስትሰማ የሚታያት ዘጠና ሁለቱ ነው። በዚያ ላይ ዘጠና ሁለቱ ውስጥ የሚያውቁት የጎረቤት ልጅ አለ።

እኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ትምህርቱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ የከረመ ነው። ልጅዎ ያኔ 9ኛን ጨርሳ ወደ 10ኛ ልትገባ ነበር። የተዘለለ ምዕራፍ መኖሩ አይቀርም። መምህሩ ቢዘለውም ፈተናው አይዘለውም።

አሁን የማወራው ያሳፍረኛል፤ ሳልናገረው ባልፍ ግን ይቆጨኛል። የካርዱን 96 ብዙ አይመኑት። እኔ ራሴ መምህር ሆኜ ነጥብ ስቸር ኖሬአለሁ። ለቤት ሥራ አሥር። ለክፍል ተሳትፎ አሥር። ለቡድን ሥራ አሥራ አምስት። ሠላሳ አምስቷን ልጁ ብዕር ሳያነሣ ይዟት ይገባል። የቀረውን ፈተናም ከደብተር ላይ ነበር የማወጣው፤ ቁጥሩን ብቻ ለወጥ አድርጌ። ወላጅ ደስ ይለዋል። ርእሰ መምህሩ ደስ ይለዋል። እኔም ሰላም አገኛለሁ። አንድ ዓመት አማካይዋ 95 የነበረ ልጅ ማትሪክ ላይ በእኔው ትምህርት ከግማሽ በታች አመጣች። ቤቴ ድረስ መጣች። «ቲቸር፣ ያኔ የሰጡኝ 97 የማን ነበር?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ሻይ አፈላሁላት።

ደረጃም ከዚህ የተለየ አይደለም። አንደኛ ማለት ከዚያ ክፍል አንደኛ ማለት ነው። ክፍሉ የት እንዳለ አይናገርም። ልጅዎ ጎበዝ አይደለችም ማለቴ አይደለም፤ ጎበዝ ትመስለኛለች። ግን ስንት እንደምታመጣ እርስዎም አያውቁም፣ እሷም አታውቅም። እንቅልፍ የነሣትም ይኸው አለማወቋ ይመስለኛል።

ስለዚህ ትመዘን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የድሮ ማትሪክ አንዱን ትውሰድ፤ ሒሳብ ይሁን። ሰዓቱ ልክ እንደ ፈተናው ይሁን። ስልኳ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። የሱቅ ደንበኛም፣ ታናናሾቿም፣ ማንም አይጥራት። ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቱን ይቀበሏት፤ «አንድ ደቂቃ» ብትል እንኳ። ሌላ ሰው ያርመው። ቁጥሩ ይጻፍ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊዚክስ። ከዚያ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ መለኪያው)። ስድስት ቅዳሜ ነው። ጥምቀት መሐል ይገባል፤ እሱን ይዝለሉት። በየካቲት ድምሩ እጅዎ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ያስደነግጣል፤ አሁኑኑ ልንገርዎት። 96 የለመደች ልጅ 48 ስታይ ታለቅሳለች። ታልቅስ። በሐምሌ ከምታለቅስ በጥር ብታለቅስ ይሻላታል፤ አሁን ጊዜ አላት። ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ያለው ባልጠበቁት ቦታ ነው። ጎበዝ ልጆች አፕቲትዩድን ይንቁታል። ትምህርት አይመስላቸውም። ነጥቡ ግን ከባዮሎጂ እኩል መቶ ነው። እንግሊዝኛም አለ። ፈተናው ሁሉ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው የደከመ ልጅ ኬሚስትሪውን እያወቀ ጥያቄው አይገባውም። ይህን ካርድ አያሳይም፤ ቅዳሜዎቹ ያሳያሉ።

ወደ «ዶክተሬ» ልምጣ።

እኅቴ፣ አይቆጡኝ። ያቺ ልጅ በየማለዳው ምጣድ ላይ ሆና ገና ባልመጣ ውጤት ነው የምትጠራው። እርስዎ በፍቅር ነው ያሉት፤ አውቃለሁ። እኔም በፍቅር ነበር። የራሴን ልጅ «ኢንጂነር» እያልሁ ነው ያሳደግሁት። ዘመኑም ረዳኝ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው መቶ ልጅ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይሂድ የተባለበት ጊዜ ነበር። ሲቪል ምሕንድስና ገባ፤ ተመረቀ። ሰፈሩን ጠርቼ ደገስሁ። ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጠ። አሁን የዘመድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይይዛል። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ እንዲያው በጨዋታ መሐል፣ «አባዬ፣ እኔኮ የምወደው ታሪክ ነበር» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ልጅዎ ሜዲስንን ትወደው ይሆናል። ወይ እርስዎን ትወድዎት ይሆናል። ሁለቱ ከውጭ ሲያዩት ይመሳሰላሉ። ይጠይቋት። ግን «ለምን ዶክተር መሆን ፈለግሽ?» ብለው አይደለም፤ ለሱማ የተዘጋጀ መልስ አላት። «የጤና ባለሙያ የሥራ ቀን እንዴት እንደሚውል ታውቂያለሽ?» ይበሏት። ካላወቀች ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ወይም ኢንተርን ከዘመድም ከጎረቤትም አይጠፋም፤ አንድ ከሰዓት ተቀምጣ ታውራ። ስለ ሌሊት ተረኝነቱ ትስማ። አምና በግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ለምን እንደሆነ ትስማ። ከዚያ ሁሉ በኋላ «አሁንም እሱን ነው የምፈልገው» ካለች የራሷ ነው። ያኔ አብረዋት ይቁሙ።

ደግሞስ ጥቁር አንበሳ ምን ቤት ነው? ጎንደር ተቀምጣ! በ1940ዎቹ አጋማሽ ደንቢያ ላይ ወባ ገብቶ ሕዝብ ፈጀ። የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛው እዚህ ከተማ እንዲከፈት አንዱ ምክንያት ያ ነበር። በ1947 ተከፈተ። መጀመሪያ ያሠለጠነው ዶክተር አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ነበር። ሜዲስኑ የተጀመረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከጀርመኑ ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። ይህን የምነግርዎ ለአገሬ ላዳላ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ አዳልቻለሁ እንጂ። ሰው ማዳን የሚባለው ነገር አንድ በር ብቻ እንደሌለው እንድታይ ነው። ጤና መኮንን፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ፣ አዋላጅ ነርስ፣ ማደንዘዣ። ስሞቹን ከነሥራቸው ታውቃቸዋለች? ብዙ የ12ኛ ክፍል ልጅ አያውቃቸውም። «ዶክተር» እና «ሌላ» ነው የሚያውቀው።

አዲስ አበባ ካለች ግን አንድ ነገር ትወቅ። ጥቁር አንበሳ ያለበት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ወዲህ ራስ ገዝ ነው። ማትሪክ ማለፍ ብቻውን አያስገባም፤ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። ስለ ክፍያውም አስቀድማ ከዩኒቨርሲቲው ትጠይቅ። ከሰው ሰምታ አይደለም።

ሌላም ያልገባት የሚመስለኝ ነገር አለ። ሜዲስን የሚወሰነው በማትሪክ ቀን ብቻ አይደለም። ከ2012 ወዲህ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ መጀመሪያ ፍሬሽማን፣ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ነው የሚማሩት። የትምህርት ክፍል ድልድሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የፍሬሽማን ውጤታቸውም ይታይበታል። ፍሬሽማን ደግሞ ባዮሎጂ ብቻ አይደለም። ሎጂክ አለ። ሳይኮሎጂ አለ። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ አለ። «ይሄማ ለሶሻል ልጆች ነው» ብሎ ጂኦግራፊን የናቀ ልጅ ሜዲስኑን እዚያ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ሐምሌ ላይ ነፍሷ የሚወጣ እስኪመስላት ተጨንቃ፣ መስከረም ላይ ባዶ ሆና ብትደርስ ምን ይጠቅማታል? ትንሽ ጉልበት ታስቀምጥ።

«ሐሳብሽን ቀነስ አድርጊ ልበላት ወይ?» ላሉት፣ አይበሏት። ይልቅ ጨምሪ ይበሏት። አንድ ወረቀት ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫዋን በራሷ እጅ ትጻፍ። እርስዎ አይጻፉላት። አባቴ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነበር። ገና ጉባኤ ቃና በቅጡ ሳይቆጥር ረጅሙ ቅኔ፣ መወድስ፣ ላይ ዓይኑን የሚጥል ተማሪ ነበረን እያለ ይስቅ ነበር። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ ትንሽ ናት። ማንም ግን ያለ እሷ መወድስ አልደረሰም። መምህሩም ልጁን «መወድስ አትመኝ» አይለውም። የዛሬዋን ቁጠርና አምጣ ነው የሚለው። ልጅዎም መጀመሪያ 300ን ትቁጠር።

እንግዲህ ብሩ።

የስኮላርሺፑን ሰው ይተዉት። ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ ግን ብዙ ሰው እየተበላ ስለሆነ ልጨምርበት። እውነተኛ ስኮላርሺፕ በደላላ አይወጣም። የሚያመለክተው ልጁ ራሱ ነው፤ ድርሰቱን የሚጽፈውም እሱ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን የሚፈተነውም እሱ ነው። 60 ሺህ ከፍለው ምን ይገዛሉ? ሰውየው በልጅዎ ስም ቅጽ ይሞላል። ካልሆነ «ዘንድሮ አልተሳካም» ይላል። ተቀባይነት ላይ አንድ ሳንቲም ሥልጣን የለውም። አጎቷ ክፉ አላሰቡም። ግን እዚያም ቢሆን በሩ ሰፊ አይደለም። ሃርቫርድን የመሰለው ከመቶ አመልካች አራት ያህል ብቻ ነው የሚቀበለው። ስማቸው ያልገነነ፣ ጥሩ እርዳታ የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ፤ የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው ግን ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ዘንድሮ አልፏታል ማለት ይቻላል። ለከርሞ ማሰብ ትችላለች። ማትሪኩን ትታ ግን አይደለም። ወንዙን ሳይሻገሩ በትሩን መጣል ነው። አጎቷ ማገዝ ከፈለጉ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ክፍያ ይቻሏት፤ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ እንግሊዝኛ ያውሯት።

በዚያው ላይ ሐምሌ ሲቃረብ ቴሌግራም ላይ «ፈተናው ወጥቷል፣ በዚህ አካውንት ላኩ» የሚሉ ይፈላሉ። ከአሁኑ ይንገሯት።

ቲቶር ይቀጠር፤ ግን ለስድስት ትምህርት አይደለም። ቅዳሜዎቹ የሚያሳዩዎት ሁለት ደካማ ትምህርቶች ይኖራሉ። ለእነሱ ብቻ። ልጅዎን ብቻዋን ከማስጠናት ያቺን የቅዳሜ ቡድን ቢያስጠና ሒሳቡ ለአራት ይካፈላል። «እኔ ያስጠናሁት ልጅ 580 አመጣ» የሚለውን አይስሙ። «ይህችን ያልገባትን ምዕራፍ በስንት ሳምንት ታስጨርሳታለህ?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው ይቅጠሩት።

ትልቁን ወጪ ግን ያላሰቡበት ቦታ ላይ ነው የማወጣው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ ምጣድ ላይ ትቀመጣለች ብለዋል። ታዲያ መቼ ትተኛ? ስድስት ሰዓት ድረስ አጥንታ፣ አሥር ሰዓት ተነሥታ፣ ጢስ ስትውጥ ነግቶ፣ ክፍል ገብታ ሎጋሪዝም ይገባታል? እስከ ሐምሌ ድረስ እንጀራ የምታግዝዎ አንዲት ጋጋሪ ይቅጠሩ። ከማንኛውም ቲቶር የበለጠ ነጥብ የምታመጣልዎ እሷ ናት። አውቃለሁ፤ ሰው እንዲህ ያለውን ወጪ የትምህርት ወጪ አይለውም። እኔ እለዋለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ ያለው መብራትም ይግዙላት።

ከ50 ሺህ ያላነሰውን ደግሞ አይንኩት። ባንክ ይግባ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብትመደብ ለትምህርቱና ለማደሪያው የወጪ መጋራት ትፈርማለች፤ የሚከፈለው ሥራ ስትይዝ ነው። ግን ብርድ ልብስ፣ ትራንስፖርት፣ ፎቶኮፒ፣ የኪስ ገንዘብ አለ። ኮምፒውተርም ሳያስፈልጋት አይቀርም። ልጅ ከተመደበ በኋላ ብድር ፍለጋ የሚሮጥ ወላጅ ብዙ አይቻለሁ።

እናትዎን አያስቀይሙ። ጧፍና ዕጣን ይግዙላቸው። ታቦቱ 80 ሺህ አልጠየቀም።

አንድ ነገር ግን ነገ ዛሬ የማይባል አለ። እንቅልፍ ማጣቱ ሥራው ከቀለለላት በኋላም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ምግብ ካስጠላት፣ ወይም «መኖሬ ምን ያደርጋል» የሚመስል ቃል ካወጣች ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ፊት ለፊት ቢጠይቋትም አይጎዳትም፤ «ራስሽን መጉዳት አስበሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። ሰው ምን ይለኛል አይበሉ።

ጥምቀትም እየመጣ ነው። ከአዲስ አበባም ከውጭም ዘመድ ይጎርፋል። ፋሲል መዋኛ ላይ ያገኛት ሁሉ «እሺ ዶክተር፣ ደረሰ አይደል?» ይላታል። እርስዎ ቀድመው ያስጠንቅቁ። ዘንድሮ ትምህርት አይነሣባት። ነጠላዋን ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር ትጨፍር።

የጎረቤትዎ ልጅ ነገር ቀረን። ስለሱ አልጠየቁኝም። ግን 287 ማለት እኮ የጎደለው 13 ነጥብ ነው። ለስድስት ትምህርት ሲካፈል በየትምህርቱ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጥያቄ። ሰፈሩ «ወደቀ» ብሎ ቀበረው። ሪሚዲያል ከ2015 ጀምሮ የተከፈተው ለእንዲህ ያለው ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወራት ተምሮ፣ ካለፈ ፍሬሽማን ይቀጥላል። እሱ ቢያመልጠው እንኳ በግል ተፈታኝነት ድጋሚ መቀመጥ ይችላል። ምዝገባው ሳያልፈው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ።

ከጋገሩት ትኩስ እንጀራ ይያዙና ቤታቸው ይሂዱ። እናቱ ቡና ታፈላለች። «ልጅሽን ፈልጌው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እኔ ቤት ሊያጠኑ ነው፣ ፊዚክስ የሚያስረዳቸው አጣሁ» ይበሏት። በነጻ እንዳይሆን፤ ለቲቶር ካሰቡት ላይ ይክፈሉት። ፈተናውን ገብቶ ያየው እሱ ነው። ግቢው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ሰዓቱ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ የትኛው ጥያቄ እንዳሰረው ለልጅዎ የሚነግራት ከእኔ ይልቅ እሱ ነው። ሲመጣ ስለ ውጤቱ ማንም አያንሣበት። እንቢ ካለም በሳምንቱ ደግመው ይሂዱ።